ጆሯችንን ማን ቃኘው?

ዛሬ ክራር መማር የጀመረ ወጣት ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ ቱነር የሚባለውን አፕ ይጭናል። ክሩን ይመታል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መርፌ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ መርፌው መሀል ላይ ቆሞ አረንጓዴ ሲበራ ክሩ «ልክ ገባ» ይባልና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። አጠገቡ ዕድሜውን ሙሉ ክራር የተጫወተ ሰው ቢቀመጥ ስልክ አያወጣም። መጀመሪያ ያንጎራጉራል፤ ለራሱ ድምፅ ወይም አብሮት ለሚዘፍነው ሰው የሚመች ከፍታ ይፈልጋል፤ አንዱን ክር በዚያ ላይ ያስቀምጥና ሌሎቹን ከእሱ ጋር እያስተያየ ይቃኛል። ቃኝቶ ከጨረሰ በኋላ ቱነሩ ቢከፈት፣ ከክሮቹ ሁለት ሦስቱን «ልክ አይደሉም» ሊላቸው ይችላል።

ማን ነው የተሳሳተው? ብዙዎቻችን ሳናስበው ለስልኩ እንፈርዳለን። ስልኩ ቁጥር ያሳያል፤ ሰውዬው ግን «ለጆሮዬ የሚጥመኝ እንዲህ ነው» ከማለት ሌላ ማስረጃ የለውም። እኔ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ስልኩ ውስጥ ያለው ልክ ከተፈጥሮ የተገኘ ሕግ አይደለም፤ ሰዎች በሌላ ሀገር፣ ለሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ችግር ለመፍታት የደረሱበት ስምምነት ነው። ነገሩ ከቅኝትም ያልፋል። ቴክኖሎጂ ሙዚቃን ከማድረስ አልፎ፣ ዘፈን ማለት ምን እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ «አበላሸ» የሚባለው ዘፋኝ የቱ እንደሆነ ሳንጠይቀው ያስተምረናል።

ከቅኝቱ እንጀምር፤ ነገሩ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነውና።

ድምፅ ንዝረት ነው። አንድ ክር በሴኮንድ 220 ጊዜ፣ ሌላው 440 ጊዜ ቢነዝር ጆሯችን ሁለቱን እንደ አንድ ድምፅ ይቀበላቸዋል፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነው እንጂ ያው ነው ይላል። ይህ የእጥፍ ርቀት ኦክታቭ ይባላል። ከዚያ ቀጥሎ ለጆሮ በጣም የሚስማማው የ3 ለ 2 ርቀት ነው፤ 220 እና 330 እንደማለት። ሁለት ክሮች በዚህ ርቀት ሲገጥሙ በመካከላቸው የሚሰማው መንቀጥቀጥ ይጠፋና ድምፁ ይረጋል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

ችግሩ ፒያኖ ላይ ይመጣል። ከአንድ ድምፅ ተነስተን የ3 ለ 2ን ርቀት አሥራ ሁለት ጊዜ ብንወጣ፣ ሰባት ኦክታቭ ላይ በልኩ እናርፋለን ብለን እንጠብቃለን። ሒሳቡ ግን እንቢ ይላል። 1.5ን አሥራ ሁለት ጊዜ ስናባዛው 129.7 ገደማ ይመጣል፤ ሰባት ጊዜ እጥፍ ግን 128 ነው። ትንሽ ትተርፋለች፤ ያቺ ትራፊ ደግሞ የሆነ ቦታ መግባት አለባት። የአውሮፓ መሣሪያ ሠሪዎች ለዘመናት ከዚህች ትራፊ ጋር ታግለዋል። አንዳንዶቹ ጥቂት ርቀቶችን ንጹሕ አድርገው ሌሎቹን እንዳይነኩ ተዉዋቸው። በመጨረሻ የበላይነት ያገኘው መንገድ ትራፊዋን ለሁሉም እኩል ማከፋፈል ነው፤ ኦክታቩን ለአሥራ ሁለት እኩል ክፍሎች መቁረጥ። እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት ይባላል። በዚህ አቆራረጥ ከኦክታቩ በቀር ሁሉም ርቀት በመጠኑ የተዛባ ነው። ለምሳሌ የ5 ለ 4 ንጹሕ ርቀት 386 ሴንት ገደማ ሆኖ ሳለ ፒያኖው ላይ 400 ሆኖ ይቀመጣል።

አውሮፓውያን ይህን ለምን ተቀበሉ? ሙዚቃቸው በአንድ ድርሰት ውስጥ ከአንድ መነሻ ድምፅ ወደ ሌላ እየተሻገረ የሚሄድ፣ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ የሚደራርብ ስለሆነ ነው። ፒያኖውን በየመሀሉ ቆሞ መቃኘት አይቻልም። ስለዚህ ለሁሉም እኩል የሚያገለግል ማካካሻ አስፈለጋቸው። ክራር ግን ይህ ችግር ኖሮበት አያውቅም። በባቲ ቅኝት የተጀመረ ዘፈን በባቲ ያልቃል፤ ወደ አምባሰል ቅኝት መሄድ ካስፈለገ ክሩ ይላላል ወይም ይጠብቃል። ማሲንቆ ከዚህም ነፃ ነው፤ አንድ የጭራ ክር ላይ ጣት የትም ማረፍ ይችላል። እንግዲህ ቱነሩ ክራሩን «ልክ አይደለህም» ሲለው፣ ክራሩ ያልነበረበትን በሽታ መድኃኒት አልወሰድክም እያለው ነው። መነሻ ከፍታው ራሱ፣ ማለትም 440 ንዝረት «ላ» ይባል የሚለው፣ በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ የተስማሙበት ቁጥር ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በእኛ ሀገር ይህ ልክ ወደ ብዙ ሰው ጆሮ የገባው በኪቦርድ በኩል ነው። ፒያኖና ኦርጋን ቀደም ብለው ነበሩ፤ የባንዶቹ የነሐስ መሣሪያዎችም ወደዚያው የሚያደሉ ናቸው። ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ የነፋሾቹንም የከበሮውንም የቤዙንም ቦታ እየያዘ መጣ። አሥር ሰው የሚጠይቀውን ሥራ አንድ ሰው ሠርግ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚወጣበት ዘመን ሆነ። ለስደተኛው ደግሞ በረከት ነበር። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ የአሜሪካ ጉዞ በኋላ እዚያው ቀርቶ፣ በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ ሁሉንም ራሱ እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ያ ሥራ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አገኘ። ስለዚህ ኪቦርዱን ለመኮነን አልጻፍኩም፤ ያለ እሱ የማይኖር ሙዚቃ አለንና። ሆኖም ትዝታን መጀመሪያ የሰማ ጆሮ በኪቦርድ ከሰማው፣ በኋላ የድሮ ማሲንቆ ሲሰማ «ይሄ ነገር ወጥቷል» ማለቱ አይቀርም። መለኪያው ተቀይሯል፤ መቀየሩንም አያውቅም።

ቅኝትን የምናስረዳበት መንገድም አብሮ ተቀይሯል። ዛሬ «ትዝታ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ዶ ሬ ሚ ሶል ላ» የሚል መልስ ያገኛል። አንቺ ሆዬ ከሆነ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይባላል (ፍላት ማለት በአንድ ቁልፍ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ይህ ለማስተማር ይጠቅማል፤ ስህተትም አይደለም። ነገር ግን ቅኝትን የአምስት ቁልፎች ዝርዝር ያደርገዋል። ለተጫዋቹ ቅኝት ከዚያ ይሰፋል፤ ዜማው በየት ገብቶ በየት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚቆይ፣ የትኛውን ነካ አድርጎ እንደሚያልፍ፣ የትኛውን ስሜት እንደሚጠራ ጭምር ነው። ሁለት ሰዎች እነዚያኑ አምስት ድምፆች ተጫውተው የአንደኛው ትዝታ ሲሆን የሌላኛው እንዲሁ የተደረደሩ ድምፆች ሆኖ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱ በዝርዝሩ ውስጥ አልተጻፈም።

ሙዚቃን መጻፍ ራሱ ቴክኖሎጂ መሆኑን እንረሳለን። አጻጻፉ ደግሞ ሙዚቃ ከምን የተሠራ እንደሆነ ይነግረናል። ለዚህ የራሳችንን የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ብራናው ላይ ከግዕዙ ንባብ በላይ፣ በመስመሮቹ መካከል፣ ጥቃቅን ፊደላትና ጭረቶች ይታያሉ። ፊደላቱ ዜማው ከሚታወቅ ቃል ተቆርጠው የተወሰዱ ናቸው፤ «ይህን ቃል እዚያ ላይ ባዜምክበት ዜማ አዚመው» ለማለት። ከእነሱ ጋር ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ይዘት፣ ሂደት የሚባሉት ምልክቶች አሉ፤ ድምፁ እንዴት እንደሚወርድ፣ እንዴት እንደሚንከባለል፣ የት እንደሚያዝ የሚናገሩ። ዜማውን ትውፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጠዋል። ምልክቶቹን ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንዳደራጇቸው ይነገራል።

ይህ ጽሕፈት ለእንግዳ ሰው አይናገርም። ዜማውን ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው ገጹን ሙሉ ቀን ቢያፈጥበት አንድ ስንኝ አይወጣለትም። ድጓን ለማስመስከር፣ ማለትም በመምህር ፊት ችሎታን ለማረጋገጥ፣ ጋይንት ቤተልሔም ድረስ መሄድ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ መጽሐፉ የሚያስታውሰው የሚያውቀውን ነው። የአውሮፓው የአምስት መስመር ኖታ ግን ከማያውቅ ሰው ጋር ለመነጋገር ይሞክራል፤ ለዚያም ሙዚቃን ወደ ነጠላ ድምፆች ይበትነዋል። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ከፍታና አንድ ርዝመት ነው። የድምፁ መንከባለል ከነጥቡ ውጭ፣ በትንሽ ጌጥ መልክ ይቀመጣል። በኖታ የሠለጠነ ሰው ርክርክን «ዜማው ላይ የተጨመረ ጌጥ» ብሎ ቢያስብ አይገርምም። ለድጓ ተማሪ ግን ርክርክ የሌለበት ቦታ ላይ ማምጣት ወይም ያለበት ቦታ ላይ መተው ዜማውን ማጥፋት ነው። አንዱ ጽሕፈት ጌጥ ያለው ነገር ለሌላው አካል ነው።

ኮምፒውተሩ የወረሰው የኖታውን ሐሳብ ነው። በ1983 የወጣው ሚዲ የሚባለው ቋንቋ፣ ኪቦርዶችና ኮምፒውተሮች እርስ በእርስ የሚነጋገሩበት፣ ሙዚቃን በመሠረቱ እንዲህ ያየዋል፦ ይህ ቁጥር ያለው ቁልፍ አሁን ተነካ፣ በዚህ ጉልበት ተነካ፣ አሁን ተለቀቀ። ቁልፎቹ 128 ናቸው። በሁለት ቁልፎች መካከል የሚኖረውን መንሸራተት ለማስገባት ሌላ ተጨማሪ ትዕዛዝ ይጠየቃል፤ ይቻላል፣ ግን መንገዱ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጀማሪ አቀናባሪ ላፕቶፑን ሲከፍት የሚያየውን እንይ። በስተግራ ፒያኖ ቁልፎች ከታች ወደ ላይ ተደርድረዋል። በስተቀኝ መረብ አለ፤ መረቡ ሳይነካ ሲቀር አራት ምት፣ እያንዳንዱ ምት ደግሞ ለአራት የተከፈለ ነው። ችክችካ ግን በስድስት የሚቆጠር ምት ነው፤ በዚህ መረብ ላይ አይገጥምም። አቀናባሪው መረቡን ወደ ሦስት ሦስት አከፋፈል መቀየር አለበት። የሚያውቅ ይቀይራል። የማያውቅ፣ ወይም የቸኮለ፣ መረቡ የሰጠውን ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ «ኳንታይዝ» የምትለውን ትጫናለች ጣቱ፤ ከመረቡ ትንሽ የቀደመው ከበሮ፣ ትንሽ የዘገየው ጭብጨባ ሁሉ ተጎትቶ መስመሩ ላይ ይሰካል። እስክስታ ያንን መቅደምና መዘግየት እያዳመጠ የሚነቃነቅ ትከሻ ነበር። ማንም ችክችካን አልከለከለም፤ ግን ፕሮግራሙ ሲከፈት በነፃ የሚመጣው ሌላ ነው፣ እሱን ለማግኘት ግን መሥራት ያስፈልጋል። ቴክኖሎጂ አስተሳሰብን የሚቀርጸው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱን ቀላል፣ ሌላውን አድካሚ በማድረግ።

ድምፅ መቅዳት ደግሞ የዘፈንን ድንበር ሠራ። ፎኖግራፍ ከተፈለሰፈ ሩብ ክፍለ ዘመን ሳይሞላ አዲስ አበባ ደርሷል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 የድምፅ መልእክት ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ አስቀድታ ልካለች፤ እነሱም በ1899 በድምፃቸው መልሰዋል። የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላዎች ያስቀዱት ደግሞ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ናቸው። አፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ጀርመን ልከዋቸው ሳለ፣ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በርሊን ውስጥ ነው የተቀዱት።

የዚያ ዘመን ሸክላ አንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ተሰማ እሸቴ ደግሞ ግጥም ከአፋቸው የሚፈልቅ ሰው ነበሩ። የእንዲህ ያለ ሰው ዘፈን ርዝመት አልነበረውም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ያወድሳል፣ ይጎነትላል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፣ አዲስ እንግዳ ሲገባ ዘፈኑ ወደ እሱ ይዞራል። ሰሙና ወርቁ የሚገባው እዚያ ለተቀመጠው ሰው ነው። ማን ጀመረው፣ የት አለቀ፣ ግጥሙ የማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ትርጉም የላቸውም። በርሊን ላይ ግን አድማጭ በሌለበት ክፍል፣ ቀንድ ለሚመስል መቀበያ፣ በሦስት ደቂቃ ተጀምሮ ማለቅ ነበረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዘፈን በእጅ የሚያዝ፣ የሚሸጥ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር መሆን ቻለ።

ካሴት ሲመጣ ልኩ ተለወጠ። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ይይዛል፤ አምስት አምስት ዘፈን ብናደርገው ለእያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ ይደርሰዋል። ረጅም መግቢያና ደጋግሞ የሚመጣ አዝማች ያለው የ1980ዎቹ ዘፈን ቦታ ያገኘው እዚያ ነው። «ካሴት አወጣ» ማለትም የአንድን ዘፋኝ መድረስ የምንለካበት ሆነ። ሽፋኑ ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ የሰው ስም ተጻፈ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደጋግመን ሰማን። በእስክሪፕቶ እያጠነጠንን አንዷን ስንኝ አሥር ጊዜ የሰማን ሰዎች ዘፋኙ የት እንደተነፈሰ ሳይቀር እናውቃለን። ስለዚህ መድረክ ላይ ሲወጣ «ልክ እንደ ካሴቱ!» ማለት ምስጋና ሆነ። ዘመን ካለው የአዝማሪ ልማድ አንጻር ይህ ፍጹም ግልብጥ ነው፤ ትናንት የተዘፈነውን ዛሬ መድገም ለአዝማሪ የድካም ምልክት ነበር።

ያለፈውን የምናስታውሰውም መሣሪያው በጠበቀልን ልክ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ፣ ደፍሮ ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስ መቶ የሚያህሉ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከእነዚያና ከመሰሎቻቸው እየመረጠ በሲዲ ሲያወጣቸው ዓለም «የኢትዮጵያ ሙዚቃ» ሲል የሚያስበው እነሱን ሆነ። ለእኔ በዚያ ዘመን ሥራ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ የለኝም። ግን «ወርቃማው ዘመን» ያልነው ከፊሉ ሸክላ ከካሴት ይልቅ ዕድሜ ስላለው እንደሆነ ማወቅ አለብን። ከዚያ በኋላ ያለው የካሴት ዘመን በጊዜ ይረዝማል፤ ቴፑ ግን እየሻገተ፣ በላዩም ላይ ሌላ እየተቀዳበት ብዙው ጠፍቷል። ከሸክላው በፊት ያለው ደግሞ የተረፈው በጥቂት ቅጂና በሰው አፍ ብቻ ነው።

በ1997 አውቶቲዩን ወጣ። የፈጠረው አንዲ ሂልደብራንድ ቀደም ሲል ነዳጅ ለመፈለግ ከመሬት ውስጥ የሚመለስ ሞገድ ይተነትን ነበር፤ ያንኑ ሒሳብ ወደ ሰው ድምፅ አዞረው። ፕሮግራሙ የዘፋኙን ከፍታ ይለካና በአቅራቢያው ወዳለው «ልክ» ይጎትተዋል። በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ግን ሐዘኑም ናፍቆቱም ያለው በድምፆቹ መካከል ባለው መንሸራተትና መርገብገብ ነው። ጉተታው በርትቶ ሲሠራ ያ ሁሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይቆራረጣል። የሚያሳዝነኝ ይህን ለምደን፣ ያልተነካውን ድምፅ «አልተስተካከለም» ማለት መጀመራችን ነው። ስለ ዩቲዩብና ስለ መሰሎቹ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ተሰማ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሴኮንድ ከተደመጠ ነው። አድማጩ ዘፋኙን ሳይሰማ ሰልችቶት ሊያልፈው ስለሚችል፣ የአንድ ደቂቃ የክራር መግቢያ በዚህ ቆጠራ ፊት ኪሳራ ይሆናል።

እንግዲህ ማሽኑን ማዘዝ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ለዓረብ ሙዚቃ ታስበው የተሠሩ የያማሃና የኮርግ ኪቦርዶች አሥራ ሁለቱን ድምፆች እያንዳንዳቸውን በሴንት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይፈቅዳሉ፤ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም እንደዚሁ። አንድ ኪቦርዲስት የአንቺ ሆዬን አምስት ድምፆች ክራር በሚያስቀምጣቸው ቦታ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከባዱ ጥያቄ የትኛውን ቁጥር ያስገባ የሚለው ነው። አንድ ባለ ክራር ትናንትና ዛሬ የቃኘው በጥቂት ሴንት ይለያያል፤ ጎንደር ያለውና ወሎ ያለው ደግሞ ከዚያም በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። አማካዩን ወስደን «ትክክለኛው አንቺ ሆዬ» ብንል ማንም ሰው ቃኝቶት የማያውቅ ቅኝት ፈጥረን፣ ቱነሩን በሌላ ቱነር ተካን ማለት ነው። የሚሻለው የእያንዳንዱን ተጫዋች ቅጂ ለብቻው መለካትና ቁጥሩ ላይ የማን እጅ እንደሆነ፣ የትኛው ዘፈን ላይ እንደሆነ መጻፍ ነው። ለዚህ ሥራ የድሮ ካሴቶች ሳይቀሩ ይጠቅማሉ። ማጫወቻው ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ከፍታውን ቢቀይረው እንኳ፣ በሁለት ክሮች መካከል ያለው ርቀት እንዳለ ይቆያል፤ ሁለቱም አብረው ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉና።